አሚን ያላልንበት ስብሰባ

በከሚሴ ስብሰባ የሚከፈተው በዱዓ ነው። የእድር ይሁን የገበሬ ማኅበር፣ የወላጆች ይሁን የውኃ ጉዳይ፣ መጀመሪያ አንድ ትልቅ ሰው እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ፤ እኛም እጃችንን ዘርግተን «አሚን» እንላለን። አሚን ስንል ብዙም አናስብበትም። ከልጅነታችን ጀምሮ አፋችን ለምዶታል፤ መራቂው ትንፋሽ ሲወስዱ እኛ አሚናችንን እንለቃለን። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ የከተማችን የእግር ኳስ ክለብ በዚያው ሰበብ ሊፈርስ እስኪቃረብ ድረስ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከኳስ ሜዳው ፊት ለፊት ስለነበር፣ እየሰፋሁ ጨዋታ አያለሁ፤ እያየሁም እናደዳለሁ። የደጋፊዎች ማኅበር ሲቋቋም ባንዲራውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ኮሚቴ ሲመረጥ ግን ማንም ሴት አላሰበም። ሴቶች ቆመው የሚያዩበት ጥላ እንኳ እንደሌለ በስብሰባው በር ላይ ቆሜ ስጮኽ አንዱ ሽማግሌ፣ «ኧረ ይቺን አስገቧት! ውጭ ሆና ከምትሰድበን ውስጥ ሆና ትስደበን» አሉ። በዚህ ዓይነት ክብር ነው ኮሚቴ የሆንኩት።

ማኅበሩ የተቋቋመው ለጭፈራ ብቻ አልነበረም። ክለቡን የሚመሩት የቦርድ ሰዎች ከቢሮ የመጡ ናቸው። ኳስ የሚያዩት ከጥላ ሥር፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው፤ ደጋፊውን ደግሞ ከነጭራሹ አያዩትም። አንድ ዓመት የሜዳችንን ጨዋታ ሁሉ በሰንበቴ ከተማ የገበያ ቀን አደረጉት። የእኛ ደጋፊ ነጋዴና ገበሬ ነው፤ በገበያ ቀን በሬውን ወይ ግመሉን እየነዳ ሰንበቴ ይወርዳል እንጂ ኳስ አያይም። ሜዳው ባዶ ሆነ። በዓመቱ መጨረሻ የቦርዱ ሊቀ መንበር፣ «ክለቡ ደጋፊ የለውም» ብሎ ሲናገር በጆሮዬ ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ነው ከከተማውም ከጨፋ ሮቢትም ተሰባስበን ማኅበር የሆንነው። የጠየቅነውም ብዙ አይደለም፤ ቦርዱ ውስጥ አንድ ወንበር ይሰጠን፣ ሲወስኑ እኛም እንሰማ፣ እኛም እንናገር አልን። ሻይ አስቀረቡልንና «እናስብበታለን» አሉን። ሲያስቡበት ዓመት አለፈ።

ለእኔ ነገሩ ከኳስም ያለፈ ነበር። የክለቡ በረኛ ታናሽ ወንድሜ ነው። እናታችን ስትሞት ገና ልጅ ስለነበር ያሳደግሁት እኔ ነኝ። «እታለም» ነው የሚለኝ። ድምፁ ከጩኸት ብዛት ሻክሮ የቀረ ነው፤ ለተከላካዮቹ በኦሮምኛ፣ ለዳኛው በአማርኛ ይጮኻል። «ቢታ! ቢታ!» እያለ ወደ ግራ ሲያዛቸው ከሱቄ አልፎ መስጊዱ ድረስ ይሰማል። ጨዋታ ሳይኖር በመንገድ ላይ ሲያስነጥስ እንኳ ሰው ዞር ብሎ፣ «በረኛው ነው» ይል ነበር።

በዚያ ጊዜ የሰፈራችን ወጣት ሁሉ ዓይኑ ሳዑዲ ላይ ነው። ደላላው በስልክ ቀጠሮ ይሰጥሃል፤ ባቲ ትደርሳለህ፤ ከዚያ በበረሃው ወደ ባሕሩ ይወስዱሃል። የደረሰ አለ፣ የተመለሰ አለ፣ ወሬው የጠፋም አለ። ከወንድሜ ጋር በክንፍ የሚጫወት አንድ ልጅ በዚያው መንገድ ሄዶ እስከ ዛሬ ደረስኩ አላለም። እናቱ ሱቄ መጥታ ምንም ሳታሰፋ ተቀምጣ ትሄድ ነበር። ወንድሜን አንድ ቀን አንተም ታስባለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«እታለም፣ ክለቡ እስካለ እዚሁ ነኝ» አለኝ። «ክለቡ ከሌለ ግን እዚህ ምን አለኝ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቦርዱ በተሰበሰበ ቁጥር ልቤ ይሰቀል ነበር።

የፈራሁት አልቀረም። ከእንግዳ ቡድን ጋር በነበረን ጨዋታ፣ ሊያልቅ ሲል ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠብን። ሰው ወደ ሜዳ ገባ፤ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ድንጋይም የመስመር ዳኛውን ትከሻ መታው። እኛ የማኅበሩ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘን ዳኞቹን መሀል አስገብተን እስከ መኪናቸው ሸኘናቸው። የነጠላዬ ጥለት ተቀደደ፣ ጫማዬ ጠፋ። ቦርዱ ግን የወሬ መነሻ አገኘ። ኳስ ረብሻ ነው፣ ክለቡ ከውድድር ይውጣ የሚል ወሬ በከተማው መናፈስ ጀመረ። ሳይቆይም የሕዝብ ስብሰባ ተጠራ።

ስብሰባው በከተማው አዳራሽ ነው። አዳራሹ ከመናኸሪያው ጋር አጥር ለአጥር ነው፤ ሰው ስለበዛ ሞንታርቦ ውጭ ግድግዳው ላይ ሰቅለዋል። እኛ የምንናገረውን ተካፍለን፣ ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደሚነሳ ተስማምተን ገባን። ለምርቃት የተጠሩት የተከበሩ ሼህ ናቸው፤ ስንት ደም ያስታረቁ፣ ከአፋሩም ከአርጎባውም ከኦሮሞውም ቃላቸው የሚከበር። ኳስ ግን በየት በኩል እንደሚገባ እንኳ የሚያውቁ አይመስለኝም። ሊቀ መንበሩ ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው አንድ ነገር ነገራቸው። ሼሁ ራሳቸውን ነቀነቁና እጃቸውን ዘረጉ።

«ዝናቡን በወቅቱ ያውርድልን።»

«አሚን!»

«የታመመውን አፊያ ያድርግልን።»

«አሚን!»

«ይህን ኳስ የሚባለውን ነገር በሰላም የምንዘጋበት፣ ልጆቻችንን ወደ ሥራቸው የምንመልስበት ያድርግልን።»

«አሚን!»

አዳራሹ ሁሉ ነው ያለው። ኮሚቴው ብሏል፣ የማኅበሩ ከበሮ መቺ ብሏል፣ እኔም ብያለሁ። ያልኩት ነገር የገባኝ እጄን ፊቴ ላይ ካሳለፍኩ በኋላ ነው። ጎኔ የተቀመጠችውን ሴት ሳያት እሷም አፏን ይዛለች። ሊቀ መንበሩ ጊዜ አልሰጠንም። ብድግ አለና፣ «አልሐምዱሊላህ» አለ። «ክለቡ ከውድድር ይውጣ የሚለው የቦርዱ ሐሳብ ነበር፤ አሁን ሁላችሁም አሚን ብላችሁበታል። በዱዓ ያለቀ ነገር ነው።»

የእኛ ተናጋሪ እጁን አወጣ። ከኋላው የተቀመጡ አዛውንት ኮቱን ይዘው ጎተቱት። «ተቀመጥ! አሚን ካልክ ወዲያ ነገር ይነሳል እንዴ? አታፍርም?» እሱም አፈረና ተቀመጠ። ሁላችንም አፈርን። ያን ሁሉ ተዘጋጅተን አንድ ቃል ሳንናገር ወጣን።

ቤት ስገባ ወንድሜ ጓንቱን አጣጥፎ የስፌት ማሽኔ ላይ አስቀምጦታል።

«ማሽን ጥረጊበት» አለኝ። «ዘይቱን ጥሩ አድርጎ ይመጥጣል።»

«ገና አላለቀም» አልኩት።

«በሞንታርቦ ሰምቼዋለሁ። አንቺም አሚን ብለሻል።»

ከዚያ በኋላ ስልኩ ሲጮህ እየተነሳ ውጭ ወጥቶ ማናገር ጀመረ። ከማን ጋር እንደሚያወራ መጠየቅ አላስፈለገኝም። እኔ የማውቀው ደላላ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ ወንድሜም በዚያ በሻከረ ጉሮሮው ዝቅ አድርጎ ማውራት እየለመደ ነበር።

ቦርዱ ነገሩን በሕዝብ ፊት ለማጽደቅ ሁለተኛ ስብሰባ ጠራ። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ሱቄ ውስጥ ተሰበሰበ። ጫቱ ተበተነ፤ ወጉ ግን አልመጣም፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ቅጠል ይቀነጥባል። ነገም ሼሁ ይመርቃሉ፣ ነገም አሚን እንላለን፣ ከዚያ ወዲያ ክለብ የለም። አንዱ በር ላይ ሰልፍ እንውጣ አለ። ሌላው ሰልፍ ከወጣን «ረብሸኞች ናቸው» ያሉትን ራሳችን እናረጋግጥላቸዋለን አለ። እኔ መቀሴን ይዤ ሳዳምጥ ቆየሁና፣ «ለምን ዝም አንልም?» አልኩ።

«ዝም ማለት ምን ማለት ነው?»

«ለዝናቡ አሚን እንላለን። ለታመመው እንላለን። ክለቡ ጋ ሲደርሱ አፋችንን እንዘጋለን።»

ከበሮ መቺው የያዘውን ቅጠል ጣለ። «ዱዓ ላይ አሚን አልልም ልትይ? አስተግፊሩላህ! ሰው ምን ይለናል?»

«አንተ አሚን ስትል ምን ማለትህ ነው? ጌታዬ ተቀበል ማለትህ አይደለም? ታዲያ የማትፈልገውን ነገር ተቀበል ብለህ ትለምናለህ?»

እነዚያ «ውስጥ ሆና ትስደበን» ያሉት ሽማግሌ፣ «የውሸት አሚንም ጥሩ አይደለም» አሉ። በቃ፣ በዚያው ተቆረጠ። አንዱ ለነጋዴዎቹ፣ አንዱ ለተማሪዎቹ፣ አንዱ ለጨፋ ሮቢት ሰዎች ሊነግር ተበተነ። ሴቶቹን እኔ ያዝኩ። ፍርሃታችን ሁለት ነበር። በከሚሴ ምስጢር ሲዞር ሳይደርስበት የሚቀር ቤት የለም፤ ቦርዱ ሰምቶ ቢቀድመንስ? ምስጢሩ ቢጠበቅም፣ አፋችን ከልማዱ አምልጦ አሚን ቢልስ?

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ የወንድሜ አልጋ ተነጥፏል። ከበሩ ኋላ የነበረው ቦርሳም የለም።

ነጠላዬን እንኳ በደንብ ሳልለብስ መናኸሪያ ሮጥኩ። በየሚኒባሱ መስኮት እያጎነበስኩ አየሁ። ረዳቶቹ «ባቲ! ባቲ!» እያሉ ይጣራሉ፤ አንዱማ ተሳፋሪ መስዬው ቦታ ጠረገልኝ። ወንድሜ የለም። ወይ አልፏል ወይ አልመጣም ብዬ መሀል መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ። በዚህ ጊዜ ከአዳራሹ በኩል ከበሮ መቺው እየሮጠ መጣ።

«ሊጀመር ነውኮ! ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

«ወንድሜ ሄደብኝ።»

ወንድሜ ያጣው አትሂድ ብሎ የሚለምነውን ሰው ሳይሆን የሚጫወትበትን ክለብ እንደሆነ እሱም ያውቃል። «አንቺ ካልገባሽ ሴቶቹ ማንን አይተው ዝም ይላሉ?» አለኝ። እንዲህ የጨነቀኝ ቀን የለም። ልቤ መናኸሪያው ጋ ቀርቶ እኔ አዳራሽ ገባሁ።

ከፊት ካሉት ሴቶች መሀል ተቀመጥኩ። ሼሁ ቦታቸው ላይ ናቸው። ሊቀ መንበሩ ዛሬም በጆሯቸው ነገራቸው። እጃቸውን ዘረጉ፣ እኛም ዘረጋን።

«ዝናቡን ያውርድልን።»

«አሚን!»

«ከብቱን ያብዛልን፣ እህሉን ይባርክልን።»

«አሚን!»

«መንገድ የወጣውን በሰላም ያግባልን።»

«አሚን!» ያልኩት እያለቀስኩ ነው።

«ስለ ኳሱ ጉዳይ የተወሰነውን ኸይር ያድርግልን።»

ማንም ድምፅ አላሰማም።

ሰው የሞላው አዳራሽ እንደዚያ ጸጥ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ውጭ የሞንታርቦው እዝዝታ ብቻ ይሰማል። ሼሁ ያልሰማን መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት። ዝም። ከቦርዱ ወንበር አንድ ሰው ብቻውን «አሚን» አለ፤ ብቻውን መሆኑ ሲገባው የመጨረሻውን ፊደል ዋጠው። አጠገቤ ያለችው ሴት ከንፈሯን ነክሳ ዓይኗን ጨፍናለች። እኔ ምድር ብትከፈት ደስ ይለኝ ነበር። ደስ የማይል ዝምታ ነው፤ የሚያሳፍር፣ የሚያስፈራ። ሼሁ ቢቆጡ፣ ብድግ ብለው ቢወጡ፣ ዕድሜ ልካችንን በከተማው አንገታችንን ደፍተን መኖራችን ነው።

ሼሁ እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ።

«ማል ታታን፣ ያ ኢጆሌ?» አሉ። «ልጆቼ፣ ምን ሆናችሁ? ምን አጠፋሁ?»

ሁሉም እኔን አየ። ሐሳቡ የማን እንደነበር ለካ ሁሉም ያውቃል! ተነሳሁ።

«እርስዎ ምንም አላጠፉም፣ ሼሃችን። ለሚመርቁልን ሁሉ አሚን ብለናል። ክለቡ ይፍረስ ለሚለው ግን አሚን የምንልበት አንጀት የለንም። ያለፈው ጊዜም ሳናውቅ ነው ያልነው። ማንም አልጠየቀንም።»

«አልጠየቃችሁም?» ወደ ሊቀ መንበሩ ዞሩ። «አንተ፣ ሕዝቡ ተስማምቶበታል አላልከኝም?»

ሊቀ መንበሩ መሐረቡን አወጣ። «ሼሃችን፣ ረብሻውን አይተው... ለልጆቹ ብለን...»

«ሕዝቡ ተስማምቷል ብለኸኛል ወይስ አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

ሼሁ መቁጠሪያቸውን ሰብስበው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ቢቆጡ ይሻል ነበር፤ ያዘኑት ማዘን ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። «እንግዲያ ዱዓው ይቆየን» አሉ። «መጀመሪያ ይናገሩ። የሚስማሙበትን ስሰማ ያን ጊዜ እመርቃለሁ። ሀዬ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ጀምሪ።»

ጀመርኩ። ስለ ሰንበቴ ገበያ ቀን ተናገርኩ፣ ስለ ጥላው ተናገርኩ፣ ዳኞቹን ማን ከድንጋይ እንዳወጣቸው ተናገርኩ። ከዚያ ስለ ልጆቹ ተናገርኩ። ወደ ሥራቸው ትመልሷቸዋላችሁ ያላችኋቸው ልጆች ወደ ባቲ ነው የሚሄዱት አልኩ። «የእኔው ዛሬ ጠዋት ሄዷል» ብዬ ተቀመጥኩ። ከእኔ በኋላ የጨፋ ሮቢት ገበሬዎች ተናገሩ፣ የዚያ የጠፋው ልጅ እናትም ተናገረች። ሊቀ መንበሩ የያዘው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ተገቢ ጥያቄ ነው። «ነገ ድንጋይ ቢወረወር ማን ይጠየቃል?» አለ።

«እኛ!» አለ ከበሮ መቺው። «ወንበሩን ስጡንና እኛን ጠይቁን።»

ፀሐይ ጣሪያው ላይ ስትደርስ ክለቡ እንዲቀጥል፣ ማኅበሩም ቦርዱ ውስጥ አንድ ሰው እንዲኖረው ተስማሙ። ማን ይግባ ሲባል ያ ሽማግሌ፣ «ይቺው ትግባ፤ እስቲ እነሱንም ውስጥ ሆና ትስደባቸው» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ክለቡን ያተረፍኩለት ሰው በዚህ ሰዓት ባቲን አልፎ ይሆናል እያልኩ ነበር። ለራሴ ያዘንኩትን ያህል ማንም ያዘነልኝ አይመስለኝም።

ሼሁ እንደገና እጃቸውን ዘረጉ። «ክለቡን ያቆይልን፣ ልጆቻችንን ከአገራቸው አይንቀልብን።»

«አሚን!» አለ ሕዝቡ።

ከሁሉ ድምፅ በላይ፣ ከበሩ በኩል፣ አንድ የሻከረ «አሚን» ሰማሁ። ያንን ድምፅ ከሺህ ሰው መሀል እለየዋለሁ። ዱዓው ላይ መሆናችንን ረስቼ ተነሳሁ፤ በሰው ላይ እየረገጥኩ፣ «አውፍ በሉኝ» እያልኩ ወደ በሩ ሄድኩ።

ወንድሜ ቦርሳውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ በሩን ተደግፎ ቆሟል። በጥፊ ልመታው እጄን አነሳሁና አንገቱን አቀፍኩት።

«የት ነበርክ? መኪናውን ሁሉ አይቻለሁኮ!»

«ከኋላ ወንበር ነበርኩ። በመስኮት ስታዪ አጎነበስኩ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ከዚያ በሞንታርቦው አሚን፣ አሚን እያላችሁ ስትመጡ ስትመጡ፣ ድንገት ዝም አላችሁ። አሚን ሲጠፋ ሰው የሞተ መስሎኝ ወረድኩና እዚሁ ቆሜ ቀረሁ።»

«መኪናውስ?»

«ሄደ።»

ቦርሳውን ከትከሻው ላይ ቀማሁት። ሰው ከኋላችን መውጣት ጀምሯል፤ እሱ ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። አንድ ነገር የጨነቀው ይመስል ነበር።

«እታለም» አለኝ፣ «ጓንቴን ማሽን ጠረግሽበት እንዴ?»